በቃል የተነገረን የሴኔት ውሳኔ በሥራ ላይ ማዋል ይገባልን?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን በስብሰባ መጨረሻ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት (አካዳሚያዊ ጉዳዮችን የሚወስነው ጉባኤ) የመምህራንን የማስተማር ጫና፣ ማለትም አንድ መምህር እንዲያስተምር የሚጠበቅበትን መጠን፣ አሰላል እንዳሻሻለና ማሻሻያው ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ እንደሚሠራ በቃል ነገሩን። ቃለ ጉባኤውም ሆነ ደብዳቤው ግን አልደረሰንም። የሥራ ድልድላችንን ከአሁኑ እንለውጥ ወይስ እንጠብቅ?

መልስ 1፦ በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የበላይ አካል ቦርዱ ሲሆን፣ ሴኔቱ በፕሬዚዳንቱ ሰብሳቢነት አካዳሚያዊ ጉዳዮችን ይመራል። ስለዚህ የማስተማር ጫና የሴኔቱ ጉዳይ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያን የሚነካ ከሆነ ግን በጀት ስለሚያስከትል፣ በሴኔቱ ውሳኔ ብቻ የሚያበቃ አይመስለኝም። ኃላፊዎ የነገሯችሁ የጸደቀውን ነው ወይስ ለውይይት የቀረበውን ረቂቅ? ሁለቱ በስብሰባ ወሬ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

መልስ 2 (ከአዳማ)፦ በቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት ያገለገልሁ ነኝ። የአንዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚጸድቀው አብዛኛውን ጊዜ በቀጣዩ ስብሰባ መክፈቻ በመሆኑ መዘግየቱ አያስደንቅም፤ የምረቃ ሰሞን ከሆነማ ጽሕፈት ቤቱ በጋዋንና በጥሪ ወረቀት ይጠመዳል። ድልድሉን ሳትነኩ፣ የውሳኔው ግልባጭ እንዲሰጣችሁ በትምህርት ክፍሉ በኩል ለኮሌጁ ዲን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማመልከቻውንም መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ማመልከቻውን ሰኞ አስገባለሁ።