ቲፒኬ1ን ሰርዤ እርሾው ምንም ለውጥ አላሳየም፤ ምን ልደምድም?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴን የምሠራው በዳቦ እርሾ ነው። የፕሮቲን ካይኔዝ ኤ (በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚያያይዝ ኢንዛይም) አካል የሆነውን ቲፒኬ1 የተባለውን ጂን ከሃፕሎይድ (ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም አንድ ቅጂ ብቻ ካለው) እርሾ ላይ ሙሉ በሙሉ ሰርዤ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳሳድገው፣ በኮሎኒው መጠንም ሆነ በዕድገቱ ፍጥነት ከወላጅ ዝርያው የሚለይበት ነገር አላገኘሁም። ይህ ካይኔዝ ለሴሉ ሕይወት የግድ አስፈላጊ ነው ሲባል ስለምሰማ ውጤቱ ግራ አጋብቶኛል። ጂኑ አያስፈልግም ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ 1
እባክዎ እንዲህ ብለው አይጻፉ። እርሾ የዚህን ካይኔዝ ፎስፌት የሚያያይዝ ክፍል የሚሠሩ ሦስት ጂኖች አሉት፤ ቲፒኬ1፣ ቲፒኬ2 እና ቲፒኬ3። በ1987 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንደታየው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢቀር እንኳ ሴሉ ይኖራል፤ ሦስቱም ከጠፉ ግን ማደግ ያቆማል። በራስዎ እጅ ለማየት ከፈለጉ ለእያንዳንዱ ጂን አንድ ጤነኛና አንድ የተሰረዘ ቅጂ ያለው ዲፕሎይድ (ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ቅጂ ያለው) እርሾ ይሥሩ፤ ስፖር (ሃፕሎይድ የመራቢያ ሴል) ካፈራ በኋላ አራቱን እኅትማማች ስፖሮች በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌ ለያይተው ሳህኑ ላይ ይደርድሯቸው። ጂኖቹ በ10ኛው፣ በ16ኛውና በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኙ በነጻነት ይከፋፈላሉ፤ ስለዚህ ከስምንት ስፖሮች አንዱ ገደማ ሦስቱንም ያጣል። ሦስቱን ስረዛዎች በተለያዩ መድኃኒት የሚቋቋሙ ምልክቶች (በተሰረዘው ጂን ቦታ የሚገቡ ጂኖች) ከሠሯቸው፣ ያላደገው ስፖር የትኞቹን እንዳጣ ካደጉት ሦስት እኅቶቹ ማወቅ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ምልክት ከአራቱ ለሁለቱ ብቻ ይደርሳልና።

መልስ 2
በቀደመው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሦስቱ ጂኖች አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። ናይትሮጅን ባነሰበት ሳህን ላይ ዲፕሎይድ እርሾ እየረዘመ ክር መሰል ሰንሰለት ሲሠራ ቲፒኬ2 ሂደቱን ይገፋል፣ ቲፒኬ3 ደግሞ ይገታል። ይህን ለመፈተን ግን ኤስ288ሲ የተባለውን ዝርያ አይጠቀሙ፤ ፍሎ8 የተባለው ጂኑ የተበላሸ በመሆኑ ምንም ቢያደርጉት ክር አይሠራም። በተመቻቸ ምግብ ላይ ልዩነት አለመታየቱ ራሱ ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ ሆግ1 የተባለው የሌላ ካይኔዝ ጂን የሌለው እርሾ በተለመደው ሳህን ላይ በደንብ ያድጋል፣ ጨው ሲበዛበት ግን ይሞታል። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀኝ፣ ሦስቱን ቲፒኬዎች ያጣ ሴል ያክ1 የተባለው ሌላ ካይኔዝ አብሮ ሲሰረዝለት እንደገና ማደግ መቻሉ ነው። እንግዲህ ሕይወት አድን የሚመስለው ሥራ በከፊል የሌላውን ልጓም መያዝ ነበር ማለት ነው።

መልስ 3
አንድ ነገር ልጨምር። የተሰረዘ ጂን ያለው ሴል ብዙ ትውልድ ያለ ካይኔዙ ስለሚያሳልፍ ራሱን ያስተካክላል፤ በሳህንዎ ላይ የሚያዩትም ያንን የተስተካከለ ሴል ነው። የካይኔዙን የቅጽበት ሥራ ለማወቅ ከፈለጉ ጂኑን ሳይሰርዙ ኤቲፒ (ካይኔዙ ፎስፌቱን የሚወስድበት ሞለኪውል) የሚገባበትን ኪስ ማስፋት ይሻላል፦ በሦስቱም ቲፒኬዎች ኪሱ ውስጥ ያለውን ሜታዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በትንሹ አሚኖ አሲድ በግላይሲን ይተኩ። ያኔ ኪሱ ሰፍቶ፣ በተፈጥሮው ካይኔዝ ውስጥ የማይገባ ግዙፍ አጋች መድኃኒት ይቀበላል፤ መድኃኒቱን ባስገቡ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራው ይቆማል። መድኃኒቱን ለወላጅ ዝርያውም መስጠት፣ የተለወጠውንም ያለ መድኃኒት ማሳደግ አይዘንጉ፤ ለውጡ ራሱ ካይኔዙን ሊያዳክመው ይችላል።