ክርክር፦ የኮምፒውተር ክህሎት ፈተና ለነርሶች ምረቃ ግዴታ ይሁን?

የነርሲንግ መምህር

ለውይይት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የነርሲንግ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ራሱን የቻለ የኮምፒውተር ክህሎት ፈተና እንዲያልፍ ይገደድ ወይስ አይገደድ? እኔ ይገደድ ባይ ነኝ። የታካሚው ካርድ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ፣ የላቦራቶሪው ውጤትና የመድኃኒት አሰጣጥ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር እየገቡ ባሉበት በዚህ ዘመን፣ የደም ግፊት መለካት የማይችል ተማሪ እንደማናስመርቅ ሁሉ፣ መዝገቡን በትክክል ማንበብና መጻፍ የማይችለውንም ልናስመርቅ አይገባም። መረጃ ለሙያችን እንግዳ ነገር አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክራይሚያ ጦርነት መልስ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመቻቸው ሥዕላዊ መግለጫዎች፣ አብዛኞቹ ወታደሮች የሞቱት በጦር ቁስል ሳይሆን መከላከል ይቻል በነበረ በሽታ መሆኑን በቁጥር አሳይታ ባለሥልጣናቱን ሞግታለች። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበርም የነርሲንግ ኢንፎርማቲክስን፣ ማለትም የነርሲንግ መረጃን በኮምፒውተር የመያዝና የመጠቀም ሙያን፣ እንደ ልዩ የሙያ ዘርፍ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ይህ ሁሉ ዓመት አልፎም ብዙ ተማሪዎች ክህሎቱን የሚያገኙት ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ አጠገባቸው የቆመውን ሰው እያዩ ነው። ያ ሰው ከተሳሳተ ስህተቱም አብሮ ይወረሳል።

የሌሊት ተረኛ ነርስ

መምህር፣ ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ፈተናውን ግን እቃወማለሁ። እንዲህ ያለ ፈተና በተግባር ምን እንደሚሆን ከወዲሁ ይታየኛል፤ ፋይል መክፈት፣ ሠንጠረዥ መሥራትና በፍጥነት መተየብ ይሆናል። ለዚያ የሚመደበው ሰዓት ደግሞ ከአልጋ ዳር ልምምድ ላይ የሚቀነስ ነው።

አንድ ሌሊት አብራኝ የተመደበችው አዲስ ነርስ በኮምፒውተር ከሁላችንም የተሻለች ነበረች። ሠላሳ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሁሉንም ታካሚ ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽና የሙቀት ልኬት) ሞልታ ጨረሰች። በአንደኛው አልጋ በኩል ሳልፍ ግን የተኛው ሰው ትከሻው ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ይነሳ ነበር። ሰዓቴን ይዤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 32 ሆነ። ስክሪኑ ላይ የተመዘገበው 18 ነበር። ልጅቷ ከቀደመው ተረኛ መዝገብ የነበረውን ቁጥር ሳትቆጥር ነበር የደገመችው። እኛ የምንጠቀምበት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ፣ ማለትም የታካሚው ሁኔታ መባባሱን የሚጠቁመው ድምር፣ በደቂቃ 25 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ትንፋሽ ከፍተኛውን 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ለ18 ግን ዜሮ ነው። ኮምፒውተሩ ድምሩን አልተሳሳተም፤ የተሰጠው ቁጥር ግን የዚያ ሰው ትንፋሽ አልነበረም። ይህችን ልጅ የእርስዎ ፈተና በከፍተኛ ውጤት ነበር የሚያሳልፋት።

የጤና መረጃ ሥርዓት ላይ የምሠራ ነርስ

ሲስተር ያነሱት ታሪክ ለእኔ የሚያሳየኝ ተቃራኒውን ነው። ያንን ቁጥር የደገመችው ነርስ ኮምፒውተር ታውቃለች ማለት አይቻልም፤ ቁልፍ መጫን ነው የምታውቀው። የምታስገባው ቁጥር ከኋላ ወደ ነጥብ እንደሚቀየር፣ ነጥቡም ሐኪም መጠራት አለመጠራቱን እንደሚወስን ብታውቅ ኖሮ እጇ በቀላሉ አይደግመውም ነበር። ይህ ደግሞ ሊማሩት የሚችሉት ነገር ነው።

ባርኮድን እንውሰድ። ለመድኃኒት አሰጣጥ እንዲውል ሐሳቡን ያመነጨችው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው ነርስ ስው ኪኒክ ናት፤ የተከራየችውን መኪና ስትመልስ ሠራተኛው በስካነር ሲመዘግብ አይታ፣ ይህ ለታካሚ የእጅ መለያ አምባርና ለመድኃኒት ለምን አይሆንም አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ትልቅ የሆስፒታል ጥናት፣ ባርኮዱ ሥራ ላይ በዋለባቸው ክፍሎች ከሰዓት መዛባት ውጪ ያሉት የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶች በ41 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ሆኖም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ነርሶች ስካነሩን የሚያልፉባቸውን 15 ዓይነት አቋራጮችና 31 ምክንያቶቻቸውን ለይቶ ነበር። ከምክንያቶቹ መካከል የማይነበብ ባርኮድ፣ ያለቀ ባትሪና የጠፋ ወይም የረጠበ አምባር ይገኙበታል። ትርፍ አምባር አትሞ ከታካሚው ርቆ ማንበብም ከአቋራጮቹ አንዱ ነው። እንዲህ ሲደረግ ስካነሩ ድምፁን ያሰማል፤ መድኃኒቱ ግን ለማን እንደተሰጠ ማንም አላረጋገጠም።

ሌላም ልጨምር፤ ይህን ጉዳይ ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንዲት ነርስ ቨርሰድ የተባለውን ማረጋጊያ በኮምፒውተር ከሚከፈተው የመድኃኒት ካቢኔ ለማውጣት የንግድ ስሙን የመጀመሪያ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት (VE) ጻፈች። ካቢኔው ግን ይፈልግ የነበረው በጀነሪክ ስም (ከንግድ ስሙ ውጪ ባለው የመድኃኒቱ መጠሪያ)፣ ማለትም ሚዳዞላም ተብሎ ነበር። ስላላገኘችው ኦቨርራይድ (ቁጥጥሩን ማለፊያ) የሚለውን ተጫነች፤ በዚያው ፊደል ከሚጀምሩት መድኃኒቶች ቬኩሮኒየም ወጣ፤ ይህም ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ታካሚዋ ሞተች፤ ነርሷ እ.ኤ.አ. በ2022 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለች። መለያውን አለማንበቧ የነርሲንግ ስህተት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ካቢኔው በየትኛው ስም እንደሚፈልግ፣ ኦቨርራይድ ሲጫኑ የትኛው የፋርማሲ ምርመራ እንደሚታለፍ ለስንቶቻችን ተነግሮናል?

በቅርቡ የተመረቀች ነርስ

ታላላቆቼ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። የእኛ ትውልድ ስልክ መነካካት ስለሚችል ብቻ ኮምፒውተር ያውቃል ተብሎ ታልፏል። ሥራ ስጀምር የራሴ የይለፍ ቃል እስኪዘጋጅ ድረስ በአንድ ባልደረባዬ መግቢያ እንድጠቀም ተነገረኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሰጠሁት መድኃኒትና የጻፍኩት ማስታወሻ ሁሉ በእሷ ስም ተመዘገበ። አንድ ነገር ቢፈጠር ኖሮ ተጠያቂዋ እሷ ነበረች፤ ያደረግሁትንም እኔ እንዳደረግሁት ማሳየት አልችልም ነበር። ጥፋት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ፈተናው ይኑር እላለሁ፤ ነገር ግን እኛን ብቻ ፈትኖ በአስተዳደር ላይ ያሉትን የሚያልፍ ከሆነ፣ ያንን የይለፍ ቃል የሰጠኝ ሰው ነገም ለሌላው ይሰጣል።

የሌሊት ተረኛ ነርስ

የልጄ ቃል ልቤን ነክቶታል፤ ስለ ካቢኔው የተነገረውንም ተቀብያለሁ። ነገር ግን ሁላችሁም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ያለውን ብቻ ነው የምታነሱት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሲመታ፣ ሠራተኞች በአንድ ቀን ወደ ወረቀት ተመልሰዋል፤ ቀጠሮዎችና ቀዶ ሕክምናዎች ተሰርዘዋል። በእኛም ዋርድ ሲስተሙ ለሦስት ሰዓት የቆመ ጊዜ፣ የመድኃኒት መስጫ ቅጹን በእስክሪብቶ መሙላት የቻልነው ሦስት አዛውንቶች ብቻ ነበርን። የተሰጠውንና ያልተሰጠውን ለመለየት ባዶ ጠርሙሶችን ስንቆጥር አደርን። ስለዚህ ክህሎት የምትሉት ያለ ኮምፒውተር መሥራትን ካልጨመረ ጎደሎ ነው።

የጤና መረጃ ሥርዓት ላይ የምሠራ ነርስ

በዚህ እስማማለሁ። ማሽኑ የሚሰጠውን ትንበያ መጠራጠርም ይጨመር። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የታተመ ግምገማ፣ በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ የነበረ አንድ የሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሚያስከትለው ለሕይወት አስጊ የሰውነት መታወክ) ትንበያ መሣሪያ ሴፕሲስ ከያዛቸው ታካሚዎች 67 በመቶውን ሳይለይ እንዳለፈ አሳይቷል። ስክሪኑ ዝም ካለ ታካሚው ደህና ነው ብላ የምትተኛ ነርስ እንዳትኖር እፈራለሁ።

የነርሲንግ መምህር

ጥያቄዬን ላስተካክል። ሲስተር ትክክል ነዎት፤ የመተየብ ፈተና ከመጣ እኔም እቃወማለሁ። ፈተናው በልምምድ ክፍል፣ በአልጋና በአሻንጉሊት ታካሚ ፊት ይሁን። ተማሪው የተደገመ ቁጥር መዝገብ ውስጥ አስገብተንለት ያግኘው፤ አምባሩ የማይነበብ ይሁንበት፤ መሐል ላይ ስክሪኑን እናጥፋበትና በወረቀት ርክክብ ያድርግ። ፈታኙም ኮምፒውተር መምህር ሳይሆን የዋርድ ነርስ ይሁን። ግዴታ መሆኑን ግን አልለቅም፤ የማይፈተን ነገር ከትምህርት ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ስለሆነ።

የሌሊት ተረኛ ነርስ

እንዲህ ከሆነ አልቃወምም። አንድ ነገር ብቻ በጽሑፍ ይግባልኝ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓት ከአልጋ ዳር ልምምድ አንዲት ደቂቃ እንዳይነካ። ከየት እንደሚመጣ መምህር እስኪነግሩን ድረስ ድምፄን አልሰጥም።