የሰው ወርቅ ያደምቃል ወይ? ክርክር ከሐዋሳ

ታቦር፦
እንደምን ዋላችሁ የሐዋሳ ልጆች። ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ነበርኩ። ርዕሱ የፍትሕ ሥርዓት ማሻሻያ ነው። ወጪውን የሸፈኑት የውጭ ለጋሾች ናቸው። ባነሩ ላይ የተደረደሩትን ዓርማዎች ስቆጥር ስድስት ሆኑ፤ ከስድስቱ የእኛ ሁለት ናቸው። በመጨረሻው ቀን አንድ ተሳታፊ እጁን አወጣና «ነገ ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻልስ ባነር የሚሰቅሉት እነዚሁ ናቸው?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። አወያዩ «በሻይ ሰዓት እናነሳዋለን» ብሎ አለፈው። በሻይ ሰዓት የተነሳው ሳምቡሳ ብቻ ነው።

እዚህ ላንሳው እንግዲህ። ፍርድ ቤቶቻችንንና ሕገ መንግሥታችንን ለማሻሻል የውጭ ገንዘብና የውጭ ባለሙያ ይግባ ወይስ ይቅር? ስድብ የለም፤ ብሔር መቁጠርም የለም።

የሐይቁ ልጅ፦
ይቅር። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ዛሬ ኮምፒውተር የሰጠህ ሰው ነገ «ይቺን አንቀጽ እንዲህ ብናደርጋትስ» ይልሃል። አንተም አበሉን እያሰብክ ራስህን ትነቀንቃለህ። በነገራችን ላይ አበሉ ስንት ነበር?

ታቦር፦
አልናገርም።

ጋሽ ጠበቃ፦
ልጆቼ፣ የውጭ እጅ ትናንት የመጣ አስመሰላችሁት። ፍትሐ ነገሥት ራሱ ከዐረብኛ የተመለሰ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ያረቀቁት የስዊሱ ዣን ግራቨን ናቸው። የ1952ቱን ፍትሐ ብሔር ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲጽፉ የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አይተው ነው። የ1948ቱ ሲሰናዳ ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር ነበሩበት።

ወንጀሉ በ1997 በአዲስ ተተካ። ከፍትሐ ብሔሩ የቤተሰቡ ክፍል በ1992 ተለወጠ። ውሉና ውርሱ ግን እስከ ዛሬ የምንሟገትበት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ቁጥር 1723ን የማያውቅ የቤት ደላላ አምጡልኝ! የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ካልተደረገ አይጸናም የሚለውን ማለቴ ነው። ፈረንሳዊ ነው ያረቀቀው ብሎ ውሉን የቀደደ ደንበኛ እኔ አልገጠመኝም። እውነቱን ለመናገር ከሠላሳ ስምንት ዓመት ጥብቅና በኋላ ዛሬም አማርኛው ሲጨልምብን እንግሊዝኛውን ገለጥ አድርገን እናያለን። ይሄ ያሳፍራል። ግን ሠርተንበታል።

ጉዱማሌ፦
ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር መከራከር ባልችልም አንድ ቁጥር ዘለሉ። 3347። ሕጉ በሸፈነው ጉዳይ ሁሉ ቀድሞ የነበረውን ልማድ በአንድ መስመር የሻረው እሱ ነው። ከውጭ መጥቶ የጻፈ ሰው ሶንጎን፣ የሲዳማን የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ አያየውም። አያቴ ከጎረቤታቸው ጋር በወሰን ተጣልተው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው «አፊኒ?» ሲሉ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። «ሰማችሁ ወይ» ማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማ፣ ሀላሌው፣ እውነቱ ማለት ነው፣ ሳይወጣ ማንም አይነሳም። ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሰዎች አብረው ቡና ጠጡ።

ያ ሥርዓት ከ1952 በኋላ በወረቀት ሞቶ በመሬት ላይ ኖሯል። ወረቀቱ ላይ የተመለሰው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 34ና 78 የባህልና የሃይማኖት ዳኝነትን አውቀዋል። እኔ የምፈራው ይሄንን ነው። ባለሙያው ጎበዝ ቢሆንም የማያየውን ነገር በአንድ መስመር ይሰርዘዋል።

ዕቁብተኛዋ፦
ጉዱማሌ እህቴ፣ ያ ዛፍ ሥር አያትሽ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ማን ይናገርላቸው ነበር? እስኪ በሀላሌ መልሺልኝ።

እኔ በፍቺ ጊዜ ሽማግሌ ጋ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ቻይው» ተብዬ ነው የተመለስኩት። መጨረሻ ላይ ማመልከቻዬን በነፃ የጻፈችልኝ በውጭ ገንዘብ የምትሠራ አንዲት ልጅ ናት። ደግሞ ያ ገንዘብ ሲቆም ምን እንደሚሆን አይተናል። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ 621 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሠራተኛ ቀነሰ፤ ነፃ የሕግ ድጋፉ ሳሳ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት «ራሳችን እንከፍላለን» ያለ ሀብታም አላየሁም። የሐይቁ ልጅ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም አልክ። ራቁት መሄድስ ያደምቃል?

የሐይቁ ልጅ፦
እሺ እትዬ፣ ይቺን ውጫለሁ።

ባጃጅ 07፦
እናንተ ቁጥር ትደረድራላችሁ፣ እኔ ቀጠሮ እደረድራለሁ። ባጃጄን ገጭቶ የሄደን ሰው ከስሼ ሁለት ዓመት አለፈኝ። አሥራ አንድ ቀጠሮ። ስድስቱ «መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ» የሚል ነው፤ አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። አንዴ ውሳኔ ደረሰ ተብሎ ለብሼ ሄድኩ። መብራት ስለጠፋ አልታተመም ተባልኩ። እዚያ አግዳሚ ላይ ሁሌ የማገኛቸው አንድ አባት አሉ፤ ከሲዳምኛ ሌላ አይሰሙም። ወረቀታቸው በአማርኛ ነው፣ በፌስታል ይዘውት ይመጣሉ። ስማቸው ሲጠራ እንዳያልፋቸው እኔ ነኝ ጆሮ የምሆንላቸው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ደግሞ ቀጠሮ አለኝ። ጄኔሬተሩን ፈረንጅ ይግዛው፣ ጃፓን ይግዛው፣ ምን አገባኝ!

የሐይቁ ልጅ፦
ወንድሜ ጄኔሬተርና ሕገ መንግሥት አንድ ነው እንዴ? ጄኔሬተሩ ይምጣ። እኔ ስለ ብዕሩ ነው የማወራው።

የመዝገብ ቤት ሰው፦
ስለ ጄኔሬተሩ ልናገር፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የሚከሰኝ የለም። አንድ ፕሮጀክት እኛ ቢሮ አሥር ኮምፒውተርና ሁለት ትልልቅ ፕሪንተር አስገባ። ሪባን ተቆረጠ። ለአንድ ዓመት ተኩል መዝገብ በስክሪን ፈለግን፤ ባለጉዳይ በአምስት ደቂቃ ይስተናገድ ነበር። ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ። ቶነር አለቀ። ቶነር በመንግሥት በጀት ላይ የሚባል ርዕስ የለውም ተባለ። አንደኛው ፕሪንተር ላይ ጸሐፊያችን ዳንቴል አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ አደረገችበት። እኛም ወደ ካርቶኑና ወደ ገመዱ ተመለስን። ሰጪው ስንት ሰጠ ብላችሁ አትጠይቁ። በሄደ ማግስት ማን ቶነር ይገዛል በሉ። በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ቀጥ ስታደርግ የብዙ ቢሮ ሥራ በአንድ ሌሊት ሲቆም እኔ አልገረመኝም።

የሕግ ተማሪ፦
ከውጭ ሁለት ምሳሌ ላምጣ። ቁጥሮቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አልባንያ በ2016 ሕገ መንግሥቷን ያሻሻለችው በዋናነት ለፍትሑ ስትል ነው። የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ በገንዘብም በባለሙያም ከጀርባ ነበሩ፤ ገፍተዋታል ማለትም ይቻላል። 140ውም የፓርላማ አባላት ደገፉት። ከዚያ እያንዳንዱ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ በሦስት ወንፊት ተነፋ፦ ሀብቱ ከየት መጣ፣ ከማን ጋር ይውላል፣ ሥራውን ይችላል ወይ። የውጭ ታዛቢዎች አጠገብ ተቀምጠው ያዩ ነበር፤ የሚወስኑት ግን አልባንያውያን ናቸው። ከተጣራው ከግማሽ በላዩ ወይ ተባረረ ወይ ሳይጠራ ለቀቀ። ጉዱ ከዚያ ነው የመጣው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላ ዳኛ አጥቶ ለረጅም ጊዜ ቆመ። መዝገብ ተከመረ። ባጃጅ 07 እዚያ ቢሆን አሥራ አንዱን ቀጠሮ ይመርቅ ነበር።

ኬንያ ሌላ መንገድ ሄደች። የ2010ሩን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ዘጠኝ ባለሙያ ነበረው። ሦስቱ የውጭ ሰዎች ናቸው፦ ከኡጋንዳ፣ ከዛምቢያና ከደቡብ አፍሪካ። አፍሪካውያን ናቸው፤ ችግሩን ያውቁታል። ከዚያ ሕዝቡ ነሐሴ ላይ ድምፅ ሰጠ፤ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው ገደማ አዎ አለ። ከሰባት ዓመት በኋላ በዚያ ሕገ መንግሥት የቆመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰረዘ። ሥልጣን ላይ ያለውን ሰው «እንደገና ተወዳደር» አለው። እኔ ለዚህ ሲባል ሦስት የውጭ ወንበር እፈቅዳለሁ።

ጉዱማሌ፦
ኬንያ ይሻለኛል። ድምፅ መስጠቱን እኮ እኛም እናውቀዋለን። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲዳማ ክልል ይሁን ወይ ተብሎ እዚህ ከተማ የተሰለፈ ሰው አይረሳውም። ሻፌታ (ባህላዊው የመመገቢያ ገበታችን) እና ጎጆ፣ ሁለት ሥዕል። ከኋላዬ የነበሩት እናት ፊደል አይለዩም፣ አንቀጽ 47ን፣ ክልል መሆንን የሚፈቅደውን፣ ግን ከእኔ በላይ ያስረዱኝ ነበር። ሕገ መንግሥት የባለሙያ ነገር ነው ሲባል እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ጋሽ ጠበቃ፦
ያን አንቀጽ 47 እስኪ ዛሬ ግለጡት። ዘጠኝ ክልል ነው የሚለው። ደቡብ ብሔር ብሔረሰቦች የሚል ስምም አለበት። በመሬት ላይ ያለው አሥራ ሁለት ነው። መጽሐፉና አገሩ አልተገናኙም። ስለዚህ ማሻሻያው ዞሮ ዞሮ መምጣቱ አይቀርም።

የሐይቁ ልጅ፣ አንተ የፈራኸው ብዕር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጨበጥ አይደለም። አንቀጽ 105 ሁለት በር ሠርቷል። የመብቶች ምዕራፍ እንዲነካ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው፤ አንድ ክልል እምቢ ካለ ቆመ። በዚያ ላይ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ለየብቻ በሁለት ሦስተኛ ያጸድቁታል። ለሌላው ክፍል የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልሎች ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ለጋሽ ይህን ሁሉ ምክር ቤት በሳምቡሳ አይገዛም። የሚገባው በሌላ በር ነው፦ ጥናቱን በመጻፍ። አንቀጽ 62 ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። አሥራ አንድ አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ያቀርብለታል። «ይሄ ለፖለቲከኛ መሰጠት የለበትም፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይቋቋም» የሚሉ የእኛው ምሁራን ዱሮም አሉ። ነገ ይኸው ሐሳብ በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ ስድስት ዓርማ ተለጥፎበት ሲመጣ ግን ማንም በሐሳቡ አይከራከርም። አንተ ዓርማውን አይተህ ትቃወማለህ፣ ሌላው ዓርማውን አይቶ ያጨበጭባል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

የሐይቁ ልጅ፦
ጋሼ፣ እሺ፣ ዓርማውን ልተወው። ግን ረቂቁ መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፍ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ አንቀጽ 106 ላይ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው ይላል። ከባዕድ ቋንቋ ተመልሶ የመጣ አማርኛ እርስዎን አርባ ዓመት እንዳስቸገረዎት ነግረውናል።

ዕቁብተኛዋ፦
በሲዳምኛም ይውጣ። የፌስታሉ አባት እንዲሰሙት።

ጋሽ ጠበቃ፦
አርባ አላልኩም። ሠላሳ ስምንት ነው።

ታቦር፦
እኔ ስከፍተው «ይግባ» ልል ነበር። አሁን ለቢሮ ዕቃውና ለሥልጠናው ይግባ፣ ቶነሩን ግን መጀመሪያውኑ በጀታችን ላይ እንጻፍ እላለሁ። ለረቂቁ ደግሞ እንደ ኬንያ ከአፍሪካ ሁለት ሦስት ሰው ይቀመጥ፣ ጠረጴዛው ግን የእኛ ይሁን። አልባንያ ገና አልገባችኝም። ባጃጅ 07፣ የጠዋቱ ቀጠሮ እንዴት ሆነ?

ባጃጅ 07፦
አሥራ ሁለተኛ ሆነ። ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ።

ጉዱማሌ፦
ዛሬ ደግሞ ምን ተባለ? መብራት?

ባጃጅ 07፦
መብራት ነበረ። ዳኛው የሉም። አዳማ ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ሦስት ቀን ነው አሉኝ።