የሲያትል የቤቶች ሌቪ፦ ሰው ቤቱን እንዳያጣ ለመከላከል የተያዘው ገንዘብ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ የሬኒየር ቢች ነዋሪ

ጤና ይስጥልን። የንብረት ግብር ወረቀቴ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው የማነብ ሰው ነኝ። የሲያትል መራጮች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ያጸደቁት የቤቶች ሌቪ (ለመኖሪያ ቤት ሥራ የሚውል ተጨማሪ የንብረት ግብር) በሰባት ዓመት 970 ሚሊዮን ዶላር የሚሰበሰብበት ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት በ2016 የጸደቀው 290 ሚሊዮን ነበር። እኔም ደግፌ ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ አልተጸጸትኩም። ይሁን እንጂ ክፍፍሉን ስመለከት 707 ሚሊዮኑ ለኪራይ ቤቶች ግንባታና ጥበቃ ሲውል፣ ኪራይ ያቃተው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ እንዲደገፍበት የተያዘው 30 ሚሊዮን፣ ማለትም ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው። ሰው ጎዳና ላይ ከወደቀ በኋላ ማንሣት ምን ያህል እንደሚከብድ እየታወቀ፣ በመከላከሉ ላይ እንዲህ የተቆጠበው ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ የበጀት ተከታታይ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገሩ ግን ከንፉግነት ይልቅ ከገንዘቡ ምንጭ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ አንድ ከተማ ከነባር ንብረት የሚሰበስበውን ግብር ያለ ሕዝብ ድምፅ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ ማሳደግ አይችልም። ስለዚህ ከተማው ተጨማሪ ሲፈልግ ወደ መራጩ ይሄዳል፤ መራጩም ቆሞ የሚያየውን ሕንፃ በቀላሉ ይደግፋል። ሲያትል የሚገኝበት ኪንግ ካውንቲም በ2020 የ0.1 በመቶ የሽያጭ ታክስ ያጸደቀው በዋናነት ሆቴሎችን ገዝቶ መኖሪያ ለማድረግ ነው። ቤት ሲሸጥ ከሚከፈለው የሰነድ ምዝገባ ክፍያ የሚገኘው ገንዘብ ደግሞ የቤት ገበያው ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀንሳል።

ሌላው ችግር ማን መረዳት እንዳለበት መለየቱ ነው። በ2016 «ሳይንስ» (Science) በተባለው መጽሔት የወጣ የቺካጎ ጥናት፣ የእርዳታ ገንዘብ በነበረበት ጊዜ ደውለው እርዳታ የጠየቁ ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ መጠለያ የመግባት ዕድላቸው በ76 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ነገር ግን ገንዘብ ባልነበረበት ጊዜ ከደወሉትም መጠለያ የገቡት ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ባለሥልጣናቱ የሚያመነቱት እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው ያለ እርዳታም ይወጣው ነበር ይላሉ።

መልስ፦ የተከራዮች አስተርጓሚ

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ሆኖም መጠለያ ያልገባ ሁሉ ቤት አለው ማለት አይደለም። በእኛ ማኅበረሰብ ቤቱን ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያድረው ዘመድ ሳሎን ውስጥ ነው፤ እዚያ ሲከብድበት ወደ መኪናው ይሄዳል። ስሙ በየትኛውም መጠለያ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ አፍሮ የማይደውለውም ብዙ ነው።

ከገንዘቡ መጠን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ ነው። ከ2019 ጀምሮ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ጊዜ 14 ቀን ነው። ባለፈው ክረምት ያስተረጎምኩላቸው አንዲት እናት ማመልከቻቸውን ያስገቡት ማስጠንቀቂያው በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን ነበር፤ የእርዳታ ድርጅቱ የአከራዩን ፊርማና የሁለት ወር የገቢ ማስረጃ ሲጠይቅ ጊዜው አለፈ፤ ክሱም ተመሠረተ። ከ2021 ወዲህ አቅም የሌለው ተከራይ በእንዲህ ያለ ክስ በግዛቱ ወጪ ጠበቃ የሚቆምለት መሆኑ ጠቅሟቸው ከአከራዩ ጋር ተስማሙ። የክሱ መዝገብ ግን ሌላ ቤት ሲፈልጉ ይከተላቸዋል።

ጠያቂው፦ የሬኒየር ቢች ነዋሪ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት እጅ የምትለው ቁጥር ላይ ብቻ ተክዤ ነበር። ከንቲባው ረቂቁን በሴፕቴምበር መጨረሻ ካቀረቡ በኋላ የከተማው ምክር ቤት እስከ ኖቬምበር በጀቱን ሲመረምር የነዋሪ አስተያየት ስለሚቀበል፣ ያለችኝን ጥቂት ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ ላውላት አስቤያለሁ፦ አንድ ማመልከቻ ከገባበት ቀን አንሥቶ ገንዘቡ አከራዩ እጅ እስኪገባ በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል? ከ14 በላይ ከሆነ ቀጣዩን ጥያቄ አስተርጓሚያችን መጥተው ቢጠይቁት ደስ ይለኛል።