የእድራችን የአባላት መዝገብ ከነሶሻል ቁጥሩ ወጥቷል፤ ከየት እንጀምር?

የእድር ጸሐፊ (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ያለው የእድራችን መዝገብ በጉግል ሺት ነው የሚያዘው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለሰው የሚሰጠው ባለ9 አሃዝ መለያ)፣ የልጆች ሳይቀር አለበት። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ እንዲያይ ሆኖ ሳለ፣ ክፍት በሆነው የቴሌግራም ቻናላችን ላይ ተለጠፈ። መልእክቱን አጥፍተነዋል፤ ይበቃል? አንዳንድ አባላት ሶሻላችንን እናስቀይር እያሉ ነው።

ሰነድ ጠባቂ
አይበቃም። ሊንኩን የያዘ አሁንም ይገባል። ሼር የሚለውን ከፍታችሁ «ሪስትሪክትድ» (የተፈቀደለት ብቻ የሚያየው) አድርጉት። ቀጥሎ ፋይል ከሚለው ሥር «ፐብሊሽ ቱ ዌብ»ን እዩ፤ በዚያ በኩል ወጥቶ ከሆነ ሼሩን መዝጋት አይነካውም፣ ለብቻው ማቆም አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚስተው ይቺን ነው። ፋይሉን ግን ለጊዜው አታጥፉት፤ የማን የማን መረጃ እንደወጣ የምታውቁት ከእሱ ነው። ደግሞ በተራ ጂሜይል የተከፈተ ሺት ማን እንዳየው አያሳይም፤ ስለዚህ ለአባላት «ማንም አላየውም» ብላችሁ እንዳትምሉ።

ዘጠኝ አሃዝ
ሶሻል ማስቀየሩን ተዉት። በጣም ከባድ ነው፣ ቢሳካም አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። የሚሠራው ክሬዲትን ፍሪዝ ማድረግ፣ ማለትም በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳይወጣ ማዘጋት ነው፦ የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙት ክሬዲት ቢሮዎች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን፣ ሦስቱም ጋ ለየብቻ። አንዱ ጋ የዘጋችሁት ሌላው ጋ አይዘጋም። ከ2018 (በፈረንጆች) ጀምሮ ነጻ ነው፤ በኦንላይን ወይም በስልክ ከተጠየቀ በ1 የሥራ ቀን ይዘጋል፣ ቤት ወይም መኪና ስትፈልጉ በ1 ሰዓት ይከፈታል። የክሬዲት ስኮር (የብድር ነጥብ) አይቀንስም። «ሎክ» እያሉ ወርሃዊ ክፍያ ያለው ነገር ሊሸጡላችሁ ቢሞክሩ እለፉት።

የኛ ሰው የሚሰናከለው ስም ላይ ነው። የአያት ስም አንድ ቦታ ላስት ኔም ሆኖ፣ ሌላ ቦታ ጭራሽ ሳይገባ ይቀራል፤ የፊደል አጻጻፉም ይለያያል። ኦንላይኑ ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም ካለ ደጋግሞ ከመታገል የመታወቂያ ቅጂና አድራሻ የሚያሳይ ቢል በፖስታ መላክ ይሻላል። ከ16 ዓመት በታች ላሉት ወላጅ ነው የሚያስዘጋው፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሶሻል ካርድና የወላጅ መታወቂያ ቅጂ ለሦስቱም ይላካል። ሰዉ የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ ግን ሌባ የሚወደው የልጅ ቁጥር ነው፣ 18 እስኪሞላው ማንም ዞር ብሎ አያየውማ።

የእድር ጸሐፊ (ሜሪላንድ)
እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ 4 አሃዝ ብቻ የተጻፈላቸውም አሉ። እነሱስ?

ዘጠኝ አሃዝ
እነሱም ይዝጉ። ከሰኔ 2011 (በፈረንጆች) በፊት በወጣ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች ያመለከቱበትን ግዛት ነው የሚናገሩት፤ ምስጢሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ባንክም በስልክ የሚጠይቀው እነሱኑ ነው። በስደተኛነት የመጣው ብዙ ሰው ደግሞ የትውልድ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ስለተመዘገበ ያ ቀን ጥበቃ አይሆነውም።

የታክስ ሰሞን
ፍሪዝ ታክስን አይጠብቅም። በሰው ሶሻል ቀድሞ ታክስ ፋይል አድርጎ ሪፈንድ (የታክስ ተመላሽ ገንዘብ) የሚወስድ አለ። ለዚያ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) «አይፒ ፒን» የሚባል ምስጢር ቁጥር ይወጣል፦ 6 አሃዝ፣ በየዓመቱ የሚቀየር፣ ነጻ። ያለሱ በዚያ ሶሻል በኤሌክትሮኒክ ፋይል የተደረገ ታክስ ውድቅ ይሆናል። ቁጥሩን ለታክስ ሠሪያችሁ ብቻ፣ ያውም ፋይል በሚደረግበት ጊዜ ስጡ። «ከአይአርኤስ ነው፣ ፒኑን ንገረኝ» ብሎ የደወለ ሁሉ ሌባ ነው፣ በአማርኛ ቢያወራም።

ሰነድ ጠባቂ
አንድ ነገር ልጨምር። የሜሪላንድ ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበርንም ይይዛል። ለአባላት ማሳወቂያ 45 ቀን ነው ያላችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማሳወቅ አለባችሁ። ደብዳቤው ውስጥ የሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች አድራሻ ይግባ። ዝርዝሩን ጠበቃ ይየው።

ሶሻሉን ግን ለምን ሰበሰባችሁት? ሰው ሲያርፍ ለፊውነራል ሆሙ (ለቀብር አስፈጻሚው) የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው። ዐምዱን ስታወጡ ከዚያው ሺት ላይ መሰረዝ አይበቃም፤ «ቨርዥን ሂስትሪ» (የድሮ ቅጂዎች ማከማቻ) ውስጥ ይቀራል፣ ኤዲት የማድረግ መብት ያለው ሁሉ ይመልሰዋል። አዲስ ፋይል ከፍታችሁ ስምና ስልክ ብቻ ገልብጡ፤ የድሮውን ማሳወቂያው ካለቀ በኋላ ከትራሹም ጭምር አጥፉት።