የውጭ ቸርቻሪ ኩባንያዎች በአደጋ ጊዜ የማገልገል ግዴታ በሕግ ይጣልባቸው?

ጥያቄ አቅራቢው፦

ለረጅም ጊዜ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። እስካሁን የተከራከርነው ስለ ዋጋና ስለ አገር ውስጥ ነጋዴው ዕጣ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን ያልተነሣ አንድ ጉዳይ ላቅርብ። ትልልቅ መደብርና መጋዘን ለመክፈት ፈቃድ የሚጠይቅ ኩባንያ፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ቢደርስ ምን ያህል ውሃ፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ከመጋዘኑ እንደሚያወጣ፣ የተዘጋ መደብሩን በስንት ቀን እንደሚከፍት፣ ዋጋም እንደማይጨምር አስቀድሞ ውል እንዲገባ ይገደድ ወይስ ለበጎ ፈቃዱ ይተው? እኔ ይገደድ ባይ ነኝ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2017 ሰቨን ኢለቨንን፣ ላውሰንንና ፋሚሊማርትን የመሳሰሉ ቸርቻሪዎችን እንደ መብራትና እንደ ስልክ ድርጅቶች ሁሉ በአደጋ መከላከል ሕጓ ኃላፊነት ያለባቸው ተቋማት አድርጋ ሰይማለች። መጓጓዣ ተቋርጦበት በእግሩ ወደ ቤቱ ለሚጓዝ ሰው ውሃና መጸዳጃ የሚሰጡት ሱቆችም በስምምነት አስቀድመው የታወቁ ናቸው። ልገሳን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ልገሳ የሚመጣው ሰጪው በፈቀደ ጊዜና በፈቀደው መጠን ነው።

ከአትላንታ፦

ሐሳብዎን አከብራለሁ፤ ሆኖም አልስማማም። እዚህ አሜሪካ ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ዳርቻ የመታው ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ነው። ዋልማርት የተባለው ግዙፍ የችርቻሮ ኩባንያ በዚያ አካባቢ 126 መደብሮች ተዘግተውበት ነበር፤ በአሥር ቀን ውስጥ ግን ከ15ቱ በቀር ሁሉም ተከፍተዋል። ከ1,500 በላይ የጭነት መኪና ዕቃ ልኳል፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላርም ለግሷል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ያስገደደው ሕግ አልነበረም። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሊ ስኮት ለሠራተኞቻቸው ያስተላለፉት መልእክት፣ ብዙዎቻችሁ ከሥልጣናችሁ በላይ የሆነ ውሳኔ መወሰን ይኖርባችኋልና በእጃችሁ ባለው መረጃ የተሻለውን ወስኑ የሚል ነበር።

ይህ ቃል መሬት ላይ ምን እንደሠራ ላስረዳ። ሚሲሲፒ ውስጥ ዌቭላንድ በምትባል ከተማ የአንዱ መደብር ምክትል ኃላፊ የነበረች ሴት በቡልዶዘር ወደ ፈረሰው መደብር ገባች፤ ውሃ ያላበላሸውን ዕቃ እያወጣች መኪና ማቆሚያው ላይ ከመረችና ለነዋሪው በነጻ አከፋፈለች። የተቆለፈውን የመድኃኒት ክፍል ሰብራም ለአካባቢው ሆስፒታል መድኃኒት አደረሰች። ይህች ሴት በውልና በመመሪያ ተተብትባ ቢሆን ኖሮ፣ በሽተኛው እየጠበቀ እርሷ ፊርማ ፍለጋ ትባዝን ነበር። የመንግሥት እጅ ሲገባበት የሚሆነውንም አይተናል፤ በሉዊዚያና ግዛት የጄፈርሰን ፓሪሽ የተባለው አውራጃ አስተዳዳሪ የነበሩት አሮን ብሩሳርድ፣ ዋልማርት የላከላቸውን ሦስት ተሳቢ ውሃ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም ብሎ እንደመለሰባቸው በቴሌቪዥን ቀርበው በምሬት ተናግረዋል።

ጥያቄ አቅራቢው፦

ወንድሜ፣ የጠቀሱት ሁሉ ሐሳቤን ያጠናክርልኛል። ውሃው ከመንገድ የተመለሰው፣ ማን ምን እንደሚያመጣና ማን እንደሚረከብ ቀድሞ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል። ኩባንያውም ቢሆን በማግስቱ ባንኖ የተነሣ አይደለም፤ ቤንተንቪል ባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ የአደጋ ጊዜ ማዕከል ነበረው፣ ብሩክሄቨን በሚባለው የሚሲሲፒ መጋዘኑም 45 የጭነት መኪኖች አውሎ ነፋሱ ከመድረሱ በፊት ተጭነው ቆመው ነበር። ሕጉ እንዲያስገድድልኝ የምፈልገው እነዚያን የተጫኑ መኪኖች ነው። የሴትየዋን ቆራጥነት ሕግ ሊያዝዘው አይችልም፤ ቢያንስ ግን አያስጠይቅሽም ሊላት ይችላል።

ከድሬዳዋ፦

ሁለታችሁም የምትናገሩት ስለ ትልቅ ኩባንያ ነው። እኔ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ያደግሁ የባለ ሱቅ ልጅ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ሱቃችን ስንደርስ ስኳሩ ሟሙቶ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል፣ ዱቄቱ ጆንያው ውስጥ ቦክቷል፣ ዘይቱ ጀሪካን ውስጥ ስለነበረ ተርፏል። አባቴ ግን ወደ ዕቃው ዞር ብሎም አላየም፤ ጭቃውን በእጁ እየዳበሰ የሚፈልገው የዱቤ ደብተሩን ነበር። ደብተሩ ሲገኝ እናቴ ገጾቹን አንድ በአንድ ለይታ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሰጣቻቸው። ግማሹ ይነበባል፤ ግማሹ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ስማቸው ከተጻፈው ሰዎች በሕይወት ያልነበሩ አሉ። የተረፉት በዚያው ሳምንት ወደ ሱቃችን መጡ፤ የመጡት ግን ሻማ፣ ክብሪትና ሳሙና እንደገና በዱቤ ሊወስዱ ነው። አባቴም ሰጣቸው። ሊሰጥ የቻለው አንድ ጅምላ አከፋፋይ የድሮውን ዕዳ ሳያነሣበት ሌላ ዕቃ በእምነት ስላስጫነው ነው። እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ያ ሰው ባይኖር ሱቁም፣ እኛም፣ በሱቁ ዱቤ የሚያድረው ሰፈርም አብረን እንወድቅ ነበር።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። አንድ ትልቅ ኩባንያ ዱቄትና ዘይት ለሦስት ወር በነጻ ቢያድል፣ አባቴ በዱቤ ያመጣውን ዘይት ለማን ይሸጠው ነበር? በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጻ ዕርዳታ ግድ ነው፤ የተራበ ሰው ነገ አይባልም። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው ለተጎዳው ቤተሰብ ኩፖን ይስጥ፣ ቤተሰቡም ከሰፈሩ ሱቅ ይግዛ፤ ባለ ሱቁ ደግሞ ከኩባንያው መጋዘን ዕቃ በዱቤ ይጫን። ግዴታው በዚህ መልክ ካልተጻፈ፣ ጎርፉ ያልጨረሰውን ትንሽ ነጋዴ ዕርዳታው ይጨርሰዋል።

ከአርባ ምንጭ፦

በዕርዳታ ማድረስ ሥራ ላይ ስላለሁ እህታችን ያነሣችው ጉዳይ በየጊዜው ያጋጥመኛል። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለተጠቃሚው በጥሬ ገንዘብም በእህልም ሲከፈል ቆይቷል፤ ገንዘቡ ዋጋ የሚኖረው ግን የሚሸጥ ዕቃ ያለው ሱቅ በአቅራቢያ ካለ ብቻ ነው። ኩፖንም እንደዚያው ነው።

ነገር ግን ከመንገድ የራቀውን አትርሱብኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ መሬት ተንዶ ሰዎችን ቀበረ፤ እነርሱን ሊያወጡ የተሰበሰቡትንም ሌላ ናዳ ደረበባቸው። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ማሽን ሊደርስ ባለመቻሉ ሕዝቡ የሚቆፍረው በአካፋና በባዶ እጁ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የትኛውም የውጭ ኩባንያ መደብር አይከፍትም። ስለዚህ ግዴታው መደብሩ ባለበት ከተማ ብቻ የሚታሰር ከሆነ፣ አደጋ የሚደጋገምበት ገጠር ከሕጉ ውጭ ይቀራል። ግዴታው መጋዘኑና መኪኖቹ ላይ ይሁን፤ ኩባንያው ዕቃውን መኪና እስከሚደርስበት ያድርስ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በቅሎ ያላቸው የአካባቢው ሰዎች ተከፍሏቸው ያድርሱት።

ከአትላንታ፦

የድሬዳዋዋ እህቴ የጻፈችውን ካነበብሁ በኋላ ሙሉ በሙሉ በበጎ ፈቃድ ይተው የሚለውን አቋሜን አልደግመውም። ኩፖኑንና የመጋዘን ዱቤውን እቀበላለሁ። የዋጋውም ነገር ቢሆን እዚህ በበርካታ ግዛቶች አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ያለአግባብ ዋጋ ማናርን የሚከለክል ሕግ ስላለ፣ እኛ ብንጽፈው አዲስ ነገር አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ በአደጋው ሰዓት ዕቃ ያወጣ የመደብር ሠራተኛ በኋላ በጉድለት እንዳይጠየቅ ሕጉ በግልጽ ይከላከልለት።

ጥያቄ አቅራቢው፦

እኔም ሐሳቤን አስተካክላለሁ። ስጀምር መደብሩ በስንት ቀን ይከፈት የሚለውን ብቻ አስቤ ነበር፤ የሰፈሩ ሱቅ በስንት ቀን እንደሚከፈት ግን አላሰብሁም። እንግዲህ የውሉ ግዴታ ተጭነው የሚቆዩ መኪኖች፣ ለሰፈር ሱቆች የሚሰጥ የመጋዘን ዱቤና ለሠራተኛው የሚደረግ ጥበቃ ይሁን። እህቴ፣ በዚህ ይስማማሉ?

ከድሬዳዋ፦

እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ኩፖኑን የተቀበለ ባለ ሱቅ ገንዘቡን የሚያገኘው በስንት ቀን ነው? ክፍያው በየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ወራት የሚፈጅ ከሆነ ኩፖኑን የሚቀበል አይገኝም። ከአባቴ ጋር የሠራው አከፋፋይ እንኳ፣ ያ ደግ ሰው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊጠብቀው አይችልም ነበር። ቀኑ በቁጥር ይጻፍ።