ለባሌ ተራሮች የእግር ጉዞ፦ ስስ ሶል ያለው «ቤርፉት» ጫማ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በጥር ወር መጨረሻ ከጓደኞቼ ጋር ከዲንሾ ተነሥተን የሳነቴን አምባ የሚያቋርጥ የአምስት ቀን የእግር ጉዞ ለማድረግ አስበናል። የእግሬ የፊት ክፍል ሰፊ በመሆኑ እስካሁን የሞከርኋቸው የተራራ ጫማዎች ትንሿን ጣቴን እየጨመቁ ያቆስሏታል፤ አንድ ቁጥር ከፍ ሳደርግ ደግሞ ርዝመቱ ይተርፍና ቁልቁለት ላይ እግሬ ወደ ፊት ይንሸራተታል። «ቤርፉት» እየተባሉ ስለሚሸጡት፣ ሶላቸው ስስና በቀላሉ የሚተጣጠፍ፣ ተረከዛቸው ከፊታቸው ከፍ ያላለ፣ ለጣቶችም ሰፊ ቦታ የተተወላቸው ጫማዎች ሳነብ መፍትሔው ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብሁ። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ በታኅሣሥ መጨረሻ ሲመጣ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል፤ ነገር ግን እኔ ሳልለካው የሚገዛ ስለሆነ ቁጥሩ እንዳይሳሳት እሰጋለሁ። ስስ ሶል ለዚያ አካባቢ ድንጋይና ብርድ ይበቃል ወይ? ዝቅ ያለው ጫማ ይሻላል ወይስ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ቡት? ቁጥሩንስ እንዴት አድርጌ ላስታውቀው? ዕቃችን በፈረስ ስለሚጫን የምሸከመው ቀላል ቦርሳ ብቻ ነው። ክብደቴ 84 ኪሎ ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ በተራ የስፖርት ጫማ እሄዳለሁ።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ወንድሜ፣ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ስለተቀላቀሉ አስቀድመን ብንለያያቸው ይሻላል። እርስዎን የሚያቆስልዎ የጫማው ጥበት ነው፤ ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ከጣት በኩል የሰፋ ጫማ እንጂ የሶሉ መሳሳት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ጫማ ላይ አብረው ስለሚመጡ ብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስሉታል።

ተራ የስፖርት ጫማ ተረከዙ ከፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ይህ ከፍታ በአንድ ጊዜ ሲጠፋ የባት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት በየርምጃው ከለመዱት በላይ ይሳባሉ፤ ሶሉም ስስ ከሆነ ቀድሞ ስፖንጁ ይቀበለው የነበረውን ጫና የእግር መዳፍ ትንንሽ አጥንቶች ይሸከሙታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ልምድ ያላቸው ሯጮች በ10 ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ቪብራም የተባለው ኩባንያ ወደሚሠራው፣ ሶሉ ስስ ወደሆነና ጣቶችን ለየብቻ ወደሚይዝ ጫማ እንዲሸጋገሩ አድርጎ በኤምአርአይ ሲመረምራቸው፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ በእግር አጥንት መቅኔ ውስጥ እብጠት መጨመሩን አሳይቷል። ሩጫና የእግር ጉዞ እኩል ባይሆኑም፣ 10 ሳምንት ለሯጭ ያጠረ ከሆነ፣ ጫማውን በታኅሣሥ መጨረሻ ተቀብሎ በጥር አምስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ላይ መዋል ለእርስዎ ተገቢ አይመስለኝም። የኩባንያዎቹንም ማስታወቂያ በጥንቃቄ ያንብቡት፦ ቪብራም ጫማው ጉዳትን እንደሚቀንስና የእግር ጡንቻን እንደሚያጠነክር በማስተዋወቁ በአሜሪካ ተከሶ፣ ጥፋት ሳያምን እ.ኤ.አ. በ2014 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ከጣት በኩል ሰፊ፣ ሶሉ ግን ወፍራም የሆነ ጫማ ይግዙ። የአልትራ ሎን ፒክ ተረከዙ ከፊቱ እኩል ሲሆን ወደ 25 ሚሊሜትር የሚደርስ ውፍረት አለው፤ የቶፖ አልትራቬንቸር ደግሞ ተረከዙ 5 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል የባት ጡንቻዎን በድንገት አያስጨንቀውም። ለእርስዎ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ስስ ሶሉን ከወደዱት ሌላ ጊዜ በአጭር ርቀት ይልመዱት።

መልስ፦ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

እኅታችን ስለ ጊዜው ማጠር ያሉት ትክክል ነው፤ ስስ ሶል ያለው ቡት ለተራራ አይሆንም የሚል ግን ከመልሳቸው እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። እኔ በሮኪ ተራሮች ለዓመታት የምሄደው በዚሁ ዓይነት ቡት ነው፤ እግር ከለመደ በኋላ መሬቱን እየዳሰሰ ስለሚረግጥ ርምጃው ያጥራል፣ ይለሰልሳልም። ጥንካሬን በተመለከተ፣ እዚሁ ኮሎራዶ የሚገኘው የቤርፉት ጫማ ኩባንያ ዜሮ ሹዝ ለሶሎቹ የ5,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋስትና ይሰጣል፤ ስስ መሆኑ ቶሎ ያልቃል ማለት አይደለም።

ስስ ሶል በእርግጥ የሚሸነፈው በብርድ ነው። የቀዘቀዘ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ የእግር ሙቀት በሶሉ በኩል በቀጥታ ይወጣል፤ ስለዚህ ከሱፍ ወይም ከተዳመጠ ፀጉር የተሠራ የውስጥ ንጣፍ ያስፈልጋል፤ ወፍራም የሱፍ ካልሲም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ገብቶ ጣቶች አሁንም መንቀሳቀስ መቻል አለባቸው፤ ካልሲው እግሩን ካጣበቀው ደም መዘዋወሩን ያግድና ካልሲ ባይኖር ከሚሰማው የባሰ ብርድ ያመጣል።

ቡት ወይስ ዝቅ ያለ ለሚለው፦ የቤርፉት ቡት አንገት ለስላሳ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት እንዳይጠመዘዝ ያግዳል ብዬ አላምንም። ጥቅሙ ጠጠርና ጭቃ እንዳይገባ ማድረጉ ነው። ውኃ የማያስገባ ገበርም እንዲሁ በልክ ይታይ፤ ጤዛና ጭቃን ይከለክላል፣ ወንዝ ሲሻገሩ ግን ውኃው ከላይ ከገባ በኋላ ለመድረቅ እጅግ ይዘገያል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሶሉን ጥርስ ይመልከቱ፤ ቁመቱ ከ4 ሚሊሜትር ካነሰ እርጥብ ሣር ባለበት ቁልቁለት ያንሸራትታል።

መልስ፦ የዲንሾ ልጅ

በዚህ አካባቢ እንግዶችን በመምራት ስለምተዳደር ስለ መሬቱ ልንገርዎ። ከዲንሾ እንደወጡ ሣርና ረግረግ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይቆይና ፀሐይ ሲነካው ውኃ ይሆናል፤ እግር ቶሎ የሚርሰውም በዚህ ሰዓት ነው። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጡ መሬቱ ጅብራና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚበዛበት ነው። እዚያ የሚኖረው ግዙፉ ፍልፈል፣ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ማለቴ ነው፣ ምድሩን ሁሉ ስለሚቦረቡረው አፈሩ ሳይታሰብ ከእግር ሥር ይሰምጣል። ተጓዦች ቁርጭምጭሚታቸውን የሚጠመዝዙት ከድንጋዩ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ ያንን ደግሞ ረጅም ቡትም አላዳናቸውም፣ የሚያድነው እያዩ መርገጥ ነው። እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ማለትም 4,377 ሜትር፣ ለመውጣት ካሰቡ መንገዱ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ጫማ አያስቸግርም፤ ነፋሱ ግን ያስቸግራል።

የአካባቢው ሰው ለጭቃው ቦቲ ያደርጋል። እርስዎም ቦቲ ያድርጉ አልልም፤ ነገር ግን በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ እርጥብ ጫማ ውጭ ካደረ በረዶ ሠርቶ እንደ እንጨት ጠንክሮ ይጠብቅዎታል። ጫማዎን ድንኳን ውስጥ ያስገቡ፤ ማታ ማታ የሚያደርጉት ሌላ ቀላል ጫማም ይያዙ። ለዚህ ለዚህ ያ ስስ ሶል ያለው ጥሩ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

መልስ፦ ጫማ ሠሪ፣ መርካቶ

ልጄ፣ ስለ ቁጥሩ እኔ ልንገርህ። ማታ፣ እግርህ ቀኑን ሙሉ ውሎ ሲያብጥ፣ ለጉዞው ያሰብኸውን ካልሲ አድርገህ ወረቀት ላይ ቁም፤ ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ያስምርልህ። ከተረከዝ ጫፍ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን በሴንቲሜትር ለካና 1 ሴንቲሜትር ጨምርበት፤ ድምሩን በአንድ ተኩል ስታባዛው በእኛ ገበያ የሚታወቀውን የአውሮፓ ቁጥር ታገኛለህ። ሁለቱ እግሮች እኩል ካልሆኑ ትልቁን ያዝ። ኩባንያዎቹ ግን የሚሠሩበት ፎርማ፣ ማለትም ጫማው የሚቀረጽበት የእግር ቅርጽ፣ ስለሚለያይ በቁጥሩ ብቻ አትመን፤ ወረቀቱን ቆርጠህ ፎቶ ሳይሆን ራሱን ወይም በልኩ የታተመ ቅጂውን ለወንድምህ ላክለት። እሱም የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥቶ ወረቀቱን ከላዩ ያድርግበት፤ ወረቀቱ በትንሿ ጣት በኩል ከንጣፉ ጠርዝ ካለፈ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ይተወው። ቆዳ በጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ሊወጠር ይችላል፤ አፍንጫው ጠንካራ ድጋፍ የገባበት ጫማ ግን አይሰፋም፣ ሲወጠርም ይቀደዳል።

ደግሞ ተረከዝ የሌለው ጫማ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ፤ በረባሶም ተረከዝ የለውም፣ ጣትም አይጨብጥም። ሶሉ ግን የመኪና ጎማ ስለሆነ አይታጠፍም፤ ከዚህ ከቤርፉቱ የሚለየውም በዚህ ነው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለጉዞው ሰፊውንና ወፍራም ሶል ያለውን፣ ለማታና ለልምምድ ደግሞ ስሱን እገዛለሁ። ለካሁት፤ ግራው 26.4፣ ቀኙ 26.7 ሴንቲሜትር ነው። እግሬን ለማስለመድ እንጦጦ ላይ በባዶ እግሬ ብሄድስ?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

እንጦጦ ላይ በባዶ እግር መሄዱን ይተዉት። ከስብርባሪው ሌላ፣ በደጋው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፤ ጥቂት ቅዳሜዎች ባያመጡብዎትም ልማዱን ለሌላው ማስተማሩ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ወለል ላይ በባዶ እግር ይሁኑ፤ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ተረከዝዎን ቀስ እያሉ ዝቅና ከፍ ማድረግ ለባት ጡንቻ ይበቃል። በማግስቱ ጠዋት ሲነሡ ተረከዝ ወይም የእግር መዳፍ አጥንት ላይ በአንድ ነጥብ የሚያም ነገር ካለ ያቁሙ።

ጫማ ሠሪ፣ መርካቶ

ቀኙን ያዝ፤ ከነጭማሪው 27.7 ይሆናል፣ ሲባዛ 41 ከግማሽ ትንሽ ያልፋል፣ ስለዚህ 42 ያምጣልህ። ጫማው እንደመጣ ቁልቁለት ላይ ሞክረው፤ ጣትህ ጫፉን ከነካ ቁጥሩን ከመቀየርህ በፊት ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚትህ ፊት ባለው የመጨረሻ ቀዳዳ አሳልፈህ ተረከዝህ ወደ ኋላ እንዲቀመጥ አጥብቀው፤ ከፊት በኩል ግን ላላ አድርገህ ተወው።